ፓተንቱ ይቆይ፣ ጓደኛችሁ ይፈርም

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ሆነን አሸዋና ጠጠር ጫኝ ሲኖትራኮችን ከቤት ሠሪዎች ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ እየሠራን ነው። በሲኖው ባሌስትራ (ጭነቱን በሚሸከመው የብረት ሞላ) ላይ የምትገጠም ጭነት መመዘኛም አለችን። ሚያዝያ ላይ ለባለሀብቶች አሳይተናል። «ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ካላወጣችሁ ይሰርቋችኋል» ስለተባልን ያጠራቀምነውን 300 ሺህ ብር ለዚሁ ልናውለው ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ ብሩን ለጊዜው አትንኩት። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራምም ሆነ የንግድ ሥራ ማከናወኛ ዘዴ ፓተንት አይሰጥበትም። ገዢና ጫኝ ማገናኘት ደግሞ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ደላላው መንገድ ዳር ቆሞ ሲሠራው የኖረ ነው።

ኮዱ ግን ጠባቂ አለው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ምንም ምዝገባ የቅጂ መብት ያገኛል። ሐሳቡን ግን አይሸፍንም፤ ሌላ ሰው ያንኑ በራሱ ኮድ ቢሠራ ከሳችሁ አትረቱም።

እኔን ያስደነገጠኝ በደብዳቤዎ ጥግ ላይ የጻፉት ነው፦ «የክፍያውን ክፍል አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጻፈልን፤ ምሳ ጋበዝነው»። ሰውዬው ተቀጣሪ ወይም በውል ያሠራችሁት ቢሆን፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ሥራው የአሠሪው ይሆን ነበር። እሱ ግን ደመወዝም ውልም የለውም። ነገ «የጻፍኩት የኔ ነው» ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ? በሽሮው? የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ኮዱን የማባዛትና የመሸጥ መብት፣ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የትኞቹን ፋይሎች እንደጻፈ፣ ምን እንደተከፈለው፣ መብቱን ለማን እንዳስተላለፈ በዚህ ሳምንት ይጻፍና ይፈርም። የንግድ ማኅበሩን ስታቋቁሙም ሦስታችሁ ለማኅበሩ እንዲሁ ፈርሙ። ዛሬ በአንድ ቡና ይፈርማል፤ ባለሀብት ከገባ በኋላ ግን ጠበቃ ይዞ ነው የሚመጣው።

መመዘኛዋ ሌላ ጉዳይ ናት። ዕቃ ስለሆነች፣ በእርግጥ አዲስና ለዘርፉ ባለሙያ በቀላሉ የማይታሰብ ነገር ካለባት ፓተንት ይገባታል፤ ዘመኑ 15 ዓመት ነው። እዚያ ባትደርስ እንኳ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ። ሚያዝያ ላይ ማሳየታችሁ እዚህ አገር አዲስነቷን አያጠፋም፤ ግን ማመልከቻው ካሳያችሁበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ መግባት አለበት። በአውሮፓ ይህ እፎይታ ስለሌለ እዚያ አልፎባችኋል። የባሌስትራውን ክፍል ለሌላ ባለሀብት ከመክፈታችሁ በፊት የምሥጢር ጥበቃ ውል አስፈርሙ።

የመተግበሪያውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡ፤ ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።