የፍሪሲዮን ካቦ በተበጠሰ ቁጥር ለምን ሹፌር ይከፍላል?

አቦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ድሬዳዋ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። የፍሪሲዮን ካቦ ቶሎ ቶሎ ይበጠስብኛል። ባለቤቱ አጨባበጥህ ነው እያለ ከኪሴ ያስገዛኛል። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዕቃው?» ነው ያልከው። ለማያውቅ ሰው፣ ካቦ ማለት ማርሽ ሲቀየር መሪው ላይ የሚጨበጠውን ማንሻ ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ ነው። እኔም የሰው ባጃጅ ስነዳ ይሄው ጣጣ ነበረብኝ። ዛሬ የራሴ አለኝ፣ ሹፌርም ቀጥሬያለሁ። ነገሩ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። «ቀስ ብለህ ጨብጥ» ብለው የመለሱልህን ተዋቸው።

1ኛ፦ የተበጠሰውን ካቦ አትጣል። መካኒኩ አዲሱን ገጥሞ አሮጌውን ሊወረውር ሲል ተቀበለውና በፌስታል ጠቅልለህ አስቀምጥ። ባዶ እጅህን ከባለቤቱ ጋር ከተከራከርክ ትረታለህ።

2ኛ፦ የት ጋ እንደተበጠሰ እይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በማንሻው በኩል፣ ጫፉ ላይ ካለችው ድቡልቡል ብረት ሥር ነው። ያቺ ብረት ፍሪሲዮን በጨበጥክ ቁጥር ጉድጓዷ ውስጥ መዞር አለባት። ከደረቀች ወይም ጉድጓዱ ከጠበባት አትዞርም። ያኔ ካቦው ራሱ ይታጠፋል። ስትለቅ ይቃናል፣ ስትጨብጥ እንደገና እዚያው ቦታ ይታጠፋል። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ቀፊራ ሲመላለስ የሚውል ባጃጅ በቀን ስንቴ ማርሽ እንደሚቀይር አንተ ታውቃለህ። ካቦው ደግሞ የቀጫጭን ሽቦዎች ግምድ ነው። አንዱ ሲበጠስ የሱን ጭነት ሌሎቹ ይሸከማሉ፤ ቀጥሎ ሌላው ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ የሄዱ ቀን «ሰበርከው» ትባላለህ።

ጫፉን ፀሐይ ላይ አውጥተህ ተመልከተው። የሽቦዎቹ ርዝመት እኩል አይሆንም። አንዳንዱ ጫፍ ጠቁሯል ወይም ዝጓል፤ እሱ ከተበጠሰ ቆይቷል። አንዳንዱ ያብለጨልጫል፤ እሱ የዛሬው ነው። ይሄን ያሳዩኝ የምድር ባቡር ጋራዥ ጡረተኛ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። «ብረት በአንድ ምት ከተሰበረ ፊቱ አንድ ዓይነት ነው። እየደከመ ከተሰበረ ግን አሮጌ ፊትና አዲስ ፊት አለው» ይሉኝ ነበር። በፈረንጆች 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ብዙ ሰው አልቋል። መሐንዲሶች የብረትን ድካም አጥብቀው መመርመር የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው። ብረት እንደሚደክም ይሄን ያህል ዘመን እየታወቀ ድሬ ላይ ዛሬም «እጅህ ከባድ ነው» እንባላለን።

3ኛው ከማን እንደምትገዛ ነው። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። አንዴ የገዛሁት ካቦ ገና በአዲስነቱ ተበጠሰ። ጫፉን ከአሮጌው ኦርጅናል ጋር ጎን ለጎን አየሁት። የኦርጅናሉ ድቡልቡል ብረት ልሙጥ ነው፣ በጣት ብትነካው ጉድጓዱ ውስጥ ይዞራል። የአዲሱ ግን ያልተሞረደ ጠርዝ አለው፣ ገብቶ ይነክሳል። ሁለቱንም ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አጠቃቀም ነው» አለኝ። ሳያየው! ደረሰኝ አሳየሁት። «ካቦ ዋስትና የለውም፣ ካልፈለግክ ሌላ ቦታ ግዛ» አለ። አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ ባሰ። «ለካቦ ብለህ ነው የመጣኸው?» ተብዬ ከሰዓት ና ተባልኩ። በዚያ ሙቀት ተመልሼ ስሄድ በሩ ዝግ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እኮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ገዢም ጉድለቱን እንዳየ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ደረሰኝ ሳትይዝ ከሱቅ አትውጣ፣ ነገሩንም አታሳድር።

«አጠቃቀም ነው» የትልልቆቹም መልስ ነው። የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ መኪኖች እየሄዱ ቁልፋቸው ከቦታው እየተንሸራተተ ሞተር ሲያጠፋ፣ በፈረንጆች 2005 ኩባንያው ለሻጮቹ የላከው ምክር ደንበኛው ቁልፉ ላይ ያንጠለጠለውን ኮተት እንዲያወርድ ነበር። በ2014 ግን 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰው በዚያ ጉድለት ሳቢያ መሞቱን ተቀብሏል። ሰው ቁልፉ ላይ ሌላ ቁልፍ ማንጠልጠሉ ያለ ነው፤ ዕቃው ለዚያ መብቃት ነበረበት። የኛም ነገር ያው ነው። የማንንም ምርት ስም አላነሳም፤ ግን በእጅ ማርሽ የሚቀየር ተሽከርካሪ ሠርቶ ሹፌሩ ደጋግሞ ጨበጠ ብሎ መክሰስ ምን ይባላል?

የሹፌር ጥፋት የለም እያልኩህ አይደለም። ቀፊራ ግርግር ውስጥ ፍሪሲዮን ግማሽ ጨብጦ የሚጎተት አለ። ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን የሚቆም አለ። የዚህ ዓይነቱ ሹፌር ግን ከካቦው በፊት የፍሪሲዮን ዲስኩን ይጨርሳል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጁ አይሄድም፣ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል። ያንተ ዲስክ ደህና ሆኖ ካቦ ብቻ የሚበጠስ ከሆነ ይሄን ለባለቤቱ ንገረው። ማንሻው ተጣሞ ወይም ተሰብሮ ከተገኘ ግን ያ የመውደቅ ወይም የመጋጨት ነው፤ እሱን ክፈል።

ካቦው መሐል ላይ ከተበጠሰ ደግሞ አገጣጠሙን ጠርጥር። ዜሮ ማርሽ ላይ አቁመህ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው። በአንዱ በኩል ማንሻው ልል ቦታውን አጥቶ ከተወጠረ ካቦው አጥሯል፣ ወይም መካኒኩ አጥብቆ አስሮታል። ሽፋኑ ውስጥ ቀጭን ዘይት አንጠባጥብለት። ግራሶ እዚያ አታስገባ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ሞረድ ይሆናል። ግራሶ የሚያስፈልጋት ያቺ ድቡልቡል ብረት ናት፣ ለሷም በጥፍር ጫፍ ይበቃታል።

እኔ በመጨረሻ ባለቤቱን ሻይ ቤት አስቀምጬ የተበጠሱትን ካቦዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩለት። ሁሉም የተበጠሱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጥቁሩንና የሚያብለጨልጨውን ሽቦ በጣቱ እየለየ አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ካቦ በሱ ሒሳብ ሆነ። ዛሬ እኔም ለሹፌሬ እንደዚያው ነኝ፦ በሥራ ያለቀ በኔ፣ ተጋጭቶ የተሰበረ በሱ።

አሁን ፎቶ ላክልኝ። የተበጠሰውን ጫፍ በጣም አቅርበህ አንሳው፤ ማንሻው ላይ ያለውን ጉድጓድም ጠርገህ ለብቻው አንሳው። የትኛው እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።