ማዕድ ቤትንና መታጠቢያ ቤትን ተፈጥሮን ሳይጎዱ ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ስለ እድሳት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በማውቀው ልክ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አያት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ በሙሉ አስነሥተን ልንቀይር ነው። ለአካባቢ የሚስማማው የትኛው ዓይነት ነው?

መልስ፦ አሁን የተነጠፈው ነው። ሴራሚክ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት የሚተኮስ ስለሆነ፣ ደኅናውን ሰብሮ መጣል ያን ሁሉ ነዳጅ ሁለት ጊዜ ማቃጠል ነው። በመዶሻ እጀታ አንድ በአንድ እያንኳኩ ያዳምጡ፤ እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ከሥሩ ስለለቀቀ እሱን ብቻ ያስቀይሩ። ሁሉንም ማስፈልፈል ከወለሉ ሥር ያለውን የውኃ መከላከያ ሊቀድደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጣጣው ለታችኛው ጎረቤትም ይተርፋል። ማንኛውም ጥገና ሲያልቅ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ ደፍነው ሁለት ጣት ያህል ውኃ ያቁሩበት፤ በማግስቱ ጎረቤትዎ ጣራቸውን አይተው ደረቅ መሆኑን ሳይነግሩዎት ለሠራተኛው የመጨረሻውን ክፍያ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ምን ዓይነት የሽንት ቤት መቀመጫ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ እድሳቱን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ይሥሩ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ። የቆዩት መቀመጫዎች በአንድ ጊዜ እስከ 13 ሊትር ይለቃሉ፤ ባለ ሁለት ቁልፉ ግን እንደ አስፈላጊነቱ 6 ወይም 3 ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ጊዜ ቢጠቀም አሮጌው 325 ሊትር ሲጨርስ፣ አዲሱ አምስቱን በትልቁ፣ ሃያውን በትንሹ ቁልፍ ቢለቁት 90 ሊትር ይበቃዋል። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ለዚህ አገልግሎት ብቻ ቢውል በመጀመሪያው ሦስት ቀን፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ ቀን ይቆያል ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ከጀበናው የተረፈ ቡና ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጨምሩና ሳይለቁት 20 ደቂቃ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ቡናማ ውኃ ከታየ የመድፈኛው ጎማ እያፈሰሰ ስለሆነ ጎማውን መቀየር ይበቃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ለእናቴ የማዕድ ቤት ቁም ሳጥን ላሠራላት ነው። ዋንዛ ይሻላል ወይስ ኤምዲኤፍ?

መልስ፦ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከጥድና ከዝግባ ጋር በሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ዛፍ ስለሆነ አዲስ ጣውላ ማስቆረጡን አልመክርም። እናትዎ ዘንድ የማይፈለግ የዋንዛ በር ወይም አልጋ ካለ ግን አናጺው ልጎ አሳምሮ መዝጊያ ያደርግልዎታል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ የእንጨት ብናኝና ስብርባሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠሩ ሰሌዳዎች ናቸው፤ ሙጫው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ለጤና ጎጂ ጋዝ ይለቃል፤ ውኃ ከነካቸውም እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣሉ። ስለዚህ ከሲንኩ ሥር ያለውን ክፍል በብሎኬትና በሴራሚክ ያሠሩት፤ መዝጊያው የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ቺፕውድ የግድ ከሆነ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየው ጀርባ ሳይቀር፣ መታሸግ አለበት።

ጥያቄ፦ ከሰል ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ። የአገራችን ኃይል ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ከሰል ግን ዛፍ ያስጨርሳል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥም የሚለቀው መርዛማ ጋዝ ይገድላል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚወስድ፣ በእድሳቱ ጊዜ የራሱ መስመርና ብሬከር ይዘርጉለት።

ጥያቄ፦ የድሮውን የግድግዳ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው ችግር አለው?

መልስ፦ በደረቁ አይፋቁት፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። በውኃ እያረጠቡ ይፋቁት፣ ፍቅፋቂውንም በላስቲክ ይሰብስቡት፤ ሥራው ተጠናቅቆ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ እስኪጸዳ ልጆች ወደ ክፍሉ አይግቡ።