ከመቀሱ በፊት ሜትሩ፤ ሹራብ፣ ዳንቴልና ስፌት ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ጎንደር በልብስ ስፌትና በእጅ ሥራ ሙያ ነው። ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ሹራብ መሥራት፣ ዳንቴል መያዝ ወይም በመኪና ቀሚስ መስፋት ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ነው። እጅ ለማፍታታት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ልቡን የሰጠ ወጣት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኪሮሹን፣ ማለትም ዳንቴል የሚሠራበትን ባለ መንጠቆ መርፌ፣ ይለምደዋል። ጊዜ የሚወስደውና ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው መለካት ነው። ክሩን፣ ጨርቁን፣ የለባሹን ገላና የራሱን ድካም መለካት ያልቻለ ሰው፣ ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን በዚህ ሙያ እንጀራ አይበላም።

ከሹራብ ልጀምር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትማሩት ከዩቲዩብ ነው፤ እኛ ያላገኘነው ዕድል ስለሆነ ደስ ይለኛል እንጂ አልነቅፈውም። ነገር ግን በቪዲዮው ላይ የምታዩት ክርና ከቅዳሜ ገበያ የምትገዙት ክር በውፍረት አንድ አይደሉም፤ የአስተማሪዋ እጅና የእናንተ እጅም እኩል አይጠብቅም። ስለዚህ ይህን ያህል ዐይን (በመርፌው ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ጀምሩ የሚለውን መመሪያ ከመከተላችሁ በፊት ናሙና ሥሩ። ናሙናው በአራቱም ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ እጠቡት፣ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ከዚያም ዳር ዳሩን ትታችሁ መሀሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በውስጡ ስንት ዐይንና ስንት ረድፍ እንደገባ ቁጠሩ። የደረቱ ዙሪያ 96 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 8 ሴንቲ ሜትር መላወሻ ጨምራችሁ 104 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሹራብ ልትሠሩ አሰባችሁ እንበል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ዐይን ከገባ፣ ለዙሪያው የሚያስፈልጋችሁ 208 ዐይን ነው። እጃችሁ ላላ ብሎ የገባው 18 ብቻ ከሆነና ሳትቆጥሩ በ208ቱ ከቀጠላችሁ ግን ሹራቡ ወደ 116 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በናሙናው ላይ በዓይን የማይታየው የሁለት ዐይን ልዩነት ገላ ላይ ሲደርስ 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይንጠለጠላል፤ የሳምንታት ሥራም ተፈትቶ እንደገና ወደ ክርነት ይመለሳል።

ናሙናውን እጠቡት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረም የሚመልሰው የለም። ጥጥ አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቦታው ስለማይመለስ በራሱ ክብደት ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል። አክሪሊክ የሚባለው ክር በአጠባው አያስቸግርም፤ ሆኖም ትኩስ ካውያ ካረፈበት ነፍሱ ይጠፋል፣ ልስልስ ብሎ ቅርጹን ይለቃል። ይህን ሁሉ በናሙናው ላይ ካያችሁት ለገዢው በሙሉ ልብ መንገር ትችላላችሁ፦ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፣ አትጭመቂው፣ ጥላ ሥር ዘርግተሽ አድርቂው። ክሩንም ስትገዙ ለሥራው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ። አንድ ዓይነት ቀለም ነው ተብሎ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ከፊተኛው ጋር እምብዛም አይገጥምም፤ ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ ሳይታይ ቀርቶ ደጅ በፀሐይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

በዳንቴል በኩል የጀማሪ ችግር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሰንሰለት፣ ማለትም ሥራው ከሚነሣበት የቀለበት ረድፍ፣ ይነሣል። ሰንሰለቱ ከጠበቀ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር የሥራው ጠርዝ ተሰብስቦ ይታጠፋል። ሰንሰለቱን አንድ ቁጥር ከፍ ባለ ኪሮሽ ጀምራችሁ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ወደ ዋናው ኪሮሽ ብትመለሱ ይህ ችግር ይቀራል።

ስፌት ደግሞ ይቅር የማይል ሥራ ነው፤ ሹራብ ይፈታል፣ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። በተለይ ሸማኔ የሠራውን የእጅ ሸማ ስትይዙ ተጠንቀቁ። ሸማ ልል ስለሆነ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ የጥለቱን ቀለም በጠርዙ ላይ በጥቂት ውሃ ፈትናችሁ አለመልቀቁን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ነክራችሁ አድርቁት። የቀሚሱ ቁመት ሁልጊዜ ድሩን ተከትሎ ይቆረጥ፤ አግድም ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ሸማ በለባሹ ላይ እየተለጠጠ በአንድ ጎን ይረዝማል። የተቆረጠው ጠርዝ ቶሎ ስለሚተረተር፣ ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ተዉና ጫፉን አጥፋችሁ ሁለት ጊዜ ስፉት። ሰው ልብስን በፊቱ ቢገዛውም ዓመታት የሚያቆየው በውስጡ ነው፤ እኔ የአንድን ልብስ ሰፊ ሥራ ለማየት ስፈልግ ሁልጊዜ ገልብጬ ነው የማየው። እያንዳንዱን ስፌት ሌላው ሳይደረብበት በካውያ ተኩሱት። ለልጅ የሚሰፋ ከሆነ በታችኛው እጥፋትና በጎኑ ላይ ተጨማሪ ትርፍ አስቀሩ፤ እናቱ በሚቀጥለው ዓመት አስረዝሙልኝ ብላ ስትመጣ ታመሰግናችኋለች።

ቀናችሁንም ለኩ። በከተማችን ጥምቀት ሲቃረብ ትእዛዙ እንዴት እንደሚጎርፍ ታውቃላችሁ። ጥር 11 ቀን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በአዲስ ልብስ መውረድ የማይፈልግ የለም። አንድ ቀሚስ በስንት ሰዓት እንደምትጨርሱ ካልጻፋችሁ፣ ደንበኛ በለመነ ቁጥር እሺ ማለታችሁ አይቀርም፤ ከዚያ በከተራ ሌሊት በችኮላ የተሰፋ ልብስ በማግስቱ በሕዝብ መሀል ይተረተራል። ከገና በኋላ ትእዛዝ አልቀበልም የሚል ልብስ ሰፊ ጥቂት ገንዘብ ያጣል እንጂ ደንበኛ አያጣም።

ስለ ዋጋ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ የማየው ነገር ስለሆነ ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ክሩን ላምጣልሽና ሥሪልኝ ይላችኋል፤ ክሩ ከመጣ ሌላው ሁሉ የተከፈለ ይመስለዋል። አንድ ደብተር ይኑራችሁና በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የፈጀውን ክርና የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። የሥራችሁ ዋጋ የክሩ ዋጋ፣ የሰዓታችሁ ክፍያና የመብራቱ፣ የመርፌው፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ድምር ነው። ለምትወዱት ሰው ስትሠሩ ሙሉ በሙሉ ስጦታ አድርጉት፤ ስትሸጡ ደግሞ ሙሉውን ዋጋ ጠይቁ። በግማሽ ዋጋ መሸጥ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚሁ ሥራ ልጆቿን የምታሳድገውን ሌላዋን ሴት ከገበያ ያስወጣታል።

ዋጋችሁን በድፍረት እንድትናገሩ የሚረዳችሁ አንድ እውነት አለ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 የሹራብ መሣሪያ ከፈለሰፈ ወዲህ ሹራብ በመኪና ይሠራል፤ ስለዚህ ተራውን ሹራብ ከፋብሪካው ጋር በዋጋ ተወዳድራችሁ አትችሉትም። በኪሮሽ የሚሠራውን ግን እስከ ዛሬ መኪና አስመስሎ ያወጣዋል እንጂ ራሱን አይሠራውም። በዓለም ላይ የትም የምታዩት እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ በሰው እጅ የተሠራ ነው። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ብዙ ሴቶችና ልጆች በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል እየሸጡ ቤተሰባቸውን ከሞት አትርፈዋል። እኛ ዳንቴልን ለሶፋና ለቴሌቪዥን መሸፈኛ ብቻ አድርገነዋል፤ እናንተ ግን ለአንገትጌ፣ ለቦርሳ፣ ለቀበቶ፣ ለነጠላ ጫፍ አውሉት።

ሹራብን ለሚመርጥም ቢሆን ቦታ አለው። ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ እንግዳ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በአገሩ የበግ ጠጉር የተሠራ ኮፍያ ከፋብሪካ ኮፍያ ይልቅ ይማርከዋል። ጠጉሩ ቅባቱና ሽታው እስኪለቅ ድረስ ሳይታሽ ይታጠብ፤ ኮፍያውም ከራስ ዙሪያ በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ ካላነሰ በነፋስ ይወልቃል።

የስፌት መኪና ለመግዛት ገንዘብ የምታጠራቅሙ ከሆነ በእግር የሚረገጠውን አስቀድሙ፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራችሁ አይቆምም። መርፌውን ሳይሰበር ቀይሩት፤ የደነዘዘ መርፌ ጨርቁን ይጎትታል፣ ክሩንም ይበጥሳል። ጥቁርና ጠቆር ያለ ክር በቀን ብርሃን ብቻ ሥሩ፤ ዓይናችሁ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል።

ለመጀመሪያ ሥራ የሕፃን ኮፍያ እመክራችኋለሁ፤ አራስ ለመጠየቅ ስትሄዱ ይዛችሁት የምትሄዱት ይሁን። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ኮፍያው ሲለጠጥ በደንብ እንዲይዝ 32 ወይም 33 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ክሩ የማይኮሰኩስ ጥጥ ወይም ለስላሳ አክሪሊክ ይሁን፤ ሕፃኑ አፉ ውስጥ ሊያስገባው የሚችል ቁልፍ ወይም አንገቱን የሚያንቅ ማሰሪያ አይኑረው። ሕፃኑ ከፍ ካለ በግምት አትጀምሩ፤ እናቱን ጠይቃችሁ፣ ከግንባሩ ከፍ ብሎ በጆሮዎቹ ላይ ሜትሩን ዞር አድርጋችሁ ለኩ፣ ቁጥሩንም በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።