ካልሲየም ሰጥታችሁ ኢሲጂው ተስተካከለ፣ ፖታሲየሙ ግን ለምን አልወረደም?

እህቴ፣ ኩላሊቱ የደከመው ታካሚያችሁ ፖታሲየሙ 7.2 ሆኖ መጣ፣ በኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ኪውአርኤሱም፣ ማለትም የታችኛው የልብ ክፍል ሲነሳ የሚታየው ሞገድ፣ ሰፍቶ ነበር። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ስትሰጡት ኢሲጂው በደቂቃዎች ውስጥ ተስተካከለ፤ ደም ደግማችሁ ስትልኩ ግን ፖታሲየሙ ያው ነው። ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆን ወይ ብለሻል።

አልተሳሳተም። የተቀዳው ደም ናሙና ውስጥ ቀይ ሴሎች ከፈረሱ ቁጥሩ በሐሰት ሊጨምር ይችላል፣ ኪውአርኤስ አብሮ ሲሰፋ ግን ነገሩ እውነት ነው ብለሽ ተነሺ። ካልሲየም ልቡን ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየምን አያወርድም።

ምክንያቱ ያለው ሴሉ ላይ ነው። ፖታሲየም በልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ወደ 140 ሚሊሞል በሊትር ነው፣ ደም ውስጥ ግን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ብቻ። ስለዚህ በሴሉ ሽፋን ላይ በተከፈቱት ቻናሎች (መተላለፊያ ቀዳዳዎች) ወደ ውጪ ይወጣል፣ የሴሉን ውስጥ ኔጌቲቭ አድርጎ ይተወዋል፤ የታችኛው የልብ ክፍል ሴል ሲያርፍ -90 ሚሊቮልት አካባቢ የሚሆነው በዚህ ነው። የደሙ ፖታሲየም ሲጨምር ልዩነቱ ይጠብና ሴሉ እያረፈም ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ታዲያ ሴሉ ለመነሳት (ምት ለመጀመር) ከቀረበ ምቱ ለምን ይዘገያል? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገራል። መልሱ የሶዲየም ቻናሎቹ ናቸው። ከተከፈቱ በኋላ ይቆለፋሉ፣ የሚላቀቁት ደግሞ ሴሉ በደንብ ኔጌቲቭ ሲሆን ነው። -70 ላይ ካረፈ ብዙዎቹ እንደተቆለፉ ይቀራሉ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው የሶዲየም ከረንት ይዳከማል፣ ምቱ ከሴል ወደ ሴል ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ኪውአርኤሱም ይሰፋል። ፖታሲየም ሲጨምር በኢሲጂው ላይ የሚታየው የቲ ሞገድ (ሴሎቹ ወደ እረፍት ሲመለሱ የሚታየው ሞገድ) መሾል ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ውጪ ያለው ፖታሲየም ሲበዛ አንዳንድ የፖታሲየም ቻናሎች ይበልጥ ያስተላልፋሉ፣ ሴሉም ቶሎ ወደ እረፍቱ ይመለሳል።

ካልሲየም የሚያሻሽለው ይህን የምት መተላለፍ ነው፤ የሚቆየውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ኢሲጂው አማረ ብላችሁ ሞኒተሩን እንዳትነቅሉ፣ እባካችሁ! ኪውአርኤሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ካልጠበበ ሐኪሙ ካልሲየሙን ይድገም። በዚያችው ጊዜ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ይጀመር፤ ኢንሱሊን የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑን ያነቃቃና ፖታሲየሙን ወደ ሴል ያስገባዋል። የደም ስኳሩን ለሰዓታት ደጋግማችሁ ለኩ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ይቆያልና ስኳሩን አብዝቶ ሊያወርድ ይችላል። ወደ ሴል የገባው ፖታሲየም ከሰውነት አልወጣም፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ታካሚው ሽንት የማይሸና ከሆነ የኩላሊት እጥበቱን ቡድን አሁኑኑ ጥሩ።