የፐልፕ ሊግኒን በኒር ስለመለካት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «30 የባሕር ዛፍ ፐልፕ ናሙና አለኝ፣ ኒር ካገኘሁ ክላሰን መሥራቱ ይቀርልኛል ወይ?» ብለሻል። (ፐልፕ እንጨት ተቀቅሎ የሚወጣው የወረቀት ጭረት ነው፤ ሊግኒን እንጨቱን አጣብቆ የያዘው ነገር፤ ኒር በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ናሙና ስካን የሚያደርግ ማሽን፤ ክላሰን ሊግኒንን በአሲድ የመለኪያ ዘዴ።) አይቀርልሽም። እኔም ይቀርልኛል ብዬ ነው የገባሁበት፤ ማስተርሴ ስድስት ወር የዘገየው በዚሁ ነው።

1ኛ፦ ማሽኑ የሊግኒን ፐርሰንት አይነግርሽም። የሚሰጥሽ ብርሃኑ የት የት ላይ እንደተዋጠ ነው፤ ያንን ወደ ፐርሰንት የሚቀይርልሽ አንቺ በአሲድ የለካሽው ቁጥር ነው። ስለዚህ 30ውንም በ72 ፐርሰንት ሰልፈሪክ አሲድ፣ ከዚያ ወደ 3 ፐርሰንት አቅጥነሽ 4 ሰዓት እያፈላሽ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ትሠሪያለሽ። ባሕር ዛፍ ስለሆነ አሲዱ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረውንም ሊግኒን በዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) 205 ናኖሜትር ላይ ለክተሽ ደምሪ፣ አለዚያ ቁጥርሽ ጎዶሎ ነው። ካፓ ነምበር (ፐልፑ በሚበላው የፐርማንጋኔት መጠን ሊግኒኑን የሚገምት ሙከራ) ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን በክራፍት (በሶዳና በሰልፋይድ) የተቀቀለ ባሕር ዛፍ ሄክሰንዩሮኒክ አሲድ የሚባል ሊግኒን ያልሆነ ነገር አለው፣ እሱም ፐርማንጋኔቱን ይበላዋል። ሊግኒን ለካሁ ስትይ ሁለቱን ደባልቀሽ ለክተሻል።

2ኛ፦ እርጥበት። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ አሲድ ላወጣ ስቶር ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሁለተኛ ፊርማ የለውም» ብሎ ፎርሙን መለሰልኝ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ከዚያ መስክ ወጡ፣ ከዚያ የዓመት ፈቃድ። ለ2 ሊትር አሲድ 5 ወር! እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ በእጄ ያለውን፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ የተቀቀለውንና ሊግኒኑ ብዙ የሆነውን ፐልፕ፣ እዚያው ሐምሌ ላይ ስካን አደረግኩት። በደንብ የበሰለውን ደግሞ አሲዱ ሲመጣ፣ ታኅሣሥ ላይ።

ፐልፑ በሐምሌ ጣቴ ላይ ልፍስፍስ ይል ነበር። በታኅሣሥ እንደ ደረቅ ቂጣ ይንኮሻኮሻል። አይቼዋለሁ እኮ! ግን ምንም አልመሰለኝም።

ሞዴሉ (ከስካኑ ተነስቶ ሊግኒኑን የሚገምተው ስሌት) አር ስኩዌር (ግምቱ ከአሲዱ ቁጥር ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም፣ 1 ፍጹም ነው) 0.96 ሰጠኝ። ጮቤ ረገጥኩ። አማካሪዬ እንኳ «ጎበዝ» አለኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ። የካቲት ላይ 5 አዲስ ናሙና ሳስገምተው አምስቱንም «ሊግኒናቸው ትንሽ ነው» አለ፤ ሁለቱ በዓይን የሚያስታውቁ ጥሬዎች ናቸው። ያን ሌሊት የሞዴሉን ኮኤፊሸንት (ለየትኛው የብርሃን ሞገድ ምን ያህል ክብደት እንደሰጠ) በግራፍ አወጣሁት። ትልቁ ጉብታ 1940 ናኖሜትር ላይ ቆሟል። 1940 ውሃ ነው። የሊግኒን ምልክት የሚጠበቅበት 1670 አካባቢ ጭር ብሏል። ሞዴሌ ይለይ የነበረው ክረምትን ከበጋ ነው።

ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርኩ። ናሙናውን በ60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አሳድሬ፣ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዤ፣ ጥሬውና የበሰለው እንዲደባለቅ የስካኑን ተራ በዕጣ አወጣሁ። አንድ ልጅ «ሎተሪ ነው እንዴ የምትጫወተው?» ብሎ ሲያሾፍብኝ ነበር፤ በኋላ የራሱን ሊያስወጣ መጣ። አር ስኩዌሩ ወደ 0.88 ወረደ። ዲፌንስ ላይ የወጣሁት በዚሁ 0.88 ነው፣ እርጥበቱን ሲጠይቁኝም አንድ በአንድ መለስኩ።

3ኛ ልል የነበረው፦ አንዱን ናሙና ሦስቴ ስካን ካደረግሽው ሦስቱም አብረው ወይ ካሊብሬሽኑ (ሞዴሉ የሚማርበት) ወይ መፈተሻው ውስጥ ይግቡ። ከተበታተኑ ሞዴሉ መልሱን አይቶ ነው የሚፈተነው። 30 ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ከጥሬ እስከ በደንብ የበሰለ ካለሽ ለመመረቂያ ያስኬዳል። ሁሉም ካፓቸው 15 እና 18 መሃል ከሆነ ግን 100ም አያድንሽም።

አሲዱን ነገ ጠዋት ጠይቂ። ፎርሙን አገላብጪው፣ ሁለተኛው የፊርማ ቦታ ጀርባው ላይ ነው።