ላፍሬኒየር ቆሟል ለማለት ቸኩለሃል

ወንድሜ፣ «የአይስ ሆኪው ቡድን የኒውዮርክ ሬንጀርሱ አሌክሲ ላፍሬኒየር እድገቱ ቆሟል ወይ?» ላልከው፣ እኔ በነጥብ ብቻ አልፈርድም። በ2020 ድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) አንደኛ ተመርጦ ሲገባ ሁሉም ወዲያው ኮከብ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። በመጀመሪያው ዓመት በ56 ጨዋታ 21 ነጥብ ብቻ! (በአይስ ሆኪ ጎልም አሲስትም (ለጎል ማቀበልም) እኩል አንድ ነጥብ ነው።) ግን በግራ ክንፍ ከፊቱ የቡድን ጓደኞቹ ፓናሪንና ክራይደር ነበሩ። ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት፣ ማለትም ጎል በሚረክስበት ሰዓት፣ እሱ ብዙውን ጊዜ ወንበር ላይ ነበር። ከየት ያምጣው? በ2023-24 ወደ ቀኝ ክንፍ ተዛውሮ ከፓናሪንና ከትሮቼክ ጋር ሲሰለፍ 28 ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 17 ወረደ። እኔንም ትንሽ ከንክኖኛል፣ አልዋሽህም።

ስለዚህ ጎሉን ትተህ እግሩን እይ። ፓኩን (የጨዋታውን ጠፍጣፋ ኳስ) ሲነጠቅ ወዲያው ተመልሶ ያሳድዳል ወይስ ሰፋ አድርጎ ዞሮ ይንሸራተታል? ውጤት ሲጠብ አሰልጣኙ በመጨረሻው ደቂቃ ያስገባዋል? እነዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተሻሻሉ፣ አዎ፣ ቆሟል። የቡፋሎ ሴበርሱ ቴጅ ቶምፕሰን እኮ በ2021-22፣ በ24 ዓመቱ፣ ከክንፍ ወደ መሀል ሲዛወር ነው 38 ጎል ያገባው። ከዚያ በፊት ስንቱ ተስፋ ቆርጦበት ነበር።