መልስ፦ ንቅሳት ያላቸው እናት በጃፓን ፍልውሃ ሆቴል

እናትሽ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ስላላቸው ሃኮኔ ያሉት የፍልውሃ ሆቴሎች ይከለክሏቸው እንደሆነ ጠይቀሻል። የጋራ ገንዳው ብዙ ቦታ ይከለክላል። ንቅሳት እዚያ ከያኩዛ ወንበዴዎች ጋር ስለሚያያዝ «የመስቀል ነው» ብሎ ማስረዳት እምብዛም አይሠራም። ትንሽ ንቅሳት በሚለጠፍ መሸፈኛ ያልፍ ይሆናል፣ አንገት ዙሪያውን የሆነ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ክፍል ስትይዢ «ካሺኪሪ» የሚሉትን፣ ለብቻ በሰዓት የሚያዝ ገንዳ ጠይቂ።

ገንዳ የሚገባው ከገንዳው ውጭ ቁጭ ብሎ ታጥቦ፣ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ከለቀቀ በኋላ ነው። ዋና ልብስ አይለበስም፣ ፎጣም ውሃ ውስጥ አይነከርም። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሆነ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ድንገት ብድግ ካሉ ደም ግፊታቸው ወርዶ ያዞራቸዋል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። የብር መስቀላቸውንም ያውልቁ፣ ድኝ ያለበት ውሃ ያጠቁረዋል።

ጾም ከሆነ ቀደም ብለሽ ለሆቴሉ ጻፊ። «ሥጋ አንበላም» ብቻ አይበቃም፤ «ዳሺ» የሚባለው የሾርባው መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። እራት ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፣ ብዙ ቦታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፤ አርፍዶ ለመጣ ላይቀርብ ይችላል።